ለበረዶ የታሰበ ብሌድ፣ ለቸርችል ጭቃ

ሰሞኑን አንድ ረጅም ክር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ተራ በተራ የጻፏቸው መልሶች፣ ከየአቅጣጫው እየተላከልኝ ነው። የእርሻ ትራክተር ላይ የበረዶ መግፊያ ብሌድ (ሰፊ የብረት መግፊያ ሰሌዳ) ስለመግጠም ነው። ቁም ነገሩ መሃል ላይ ተቀብሯል፤ ዙሪያውን ጭቅጭቅ ከቦታል። ብዙ ሰው ሳይጨርሰው እንደሚተወው ስለማውቅ መልሶቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አፍ ልተርካቸው አሰብኩ። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ የምውለውም ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። ስለዚህ ያልተዋጠልኝ ቦታ ላይ አልተዋጠልኝም እላለሁ።

ጥያቄውን የከፈተው ሰው ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ያለ የግንባታ ሳይት ላይ የሚሠራ ባለትራክተር ነው። ማሴ ፈርጉሰን 290 አለችው። ድሮ አርሲ የስንዴ መሬት ላይ ነበረች፤ አሁን ከተማ ገብታ የውሃ ታንከር ትጎትታለች። ሳይቱ ላይ መሠረት እየተቆፈረ ነው። አፈር የጫኑት ሲኖዎች ሲወጡ በጎማቸው የያዙትን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያራግፉታል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤ ጭቃው ቁልቁል ይወርዳል። የቀን ሠራተኞች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ግማሽ ቀን ይታገሉታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደነበረው ይሆናል። መኪና ይንሸራተታል፣ እግረኛ ይረጫል፣ ደንብ አስከባሪም ይመጣል። ሰውየው ከበረዷማ አገር የተቀረጹ ቪዲዮዎች አየ። የእርሻ ትራክተር አፍንጫው ላይ ሰፊ ብሌድ ተገጥሞለት መንገዱን እየጠረገ ሲሄድ አየና እኔስ ብሎ ተነሳ። ጥያቄው አጭር ነው። ወርዱ 2.5 ሜትር የሆነ ብሌድ ከፊት፣ የክብደት ብረቶቹ በሚንጠለጠሉበት ቦታ ቢያስበይድ ይሠራል ወይ? ብረቱስ ከየት ይገኛል?

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደህና መጣህ አለና መልስ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ጠየቀ። ትራክተሯ በሁለት ጎማ ነው የምትነዳው ወይስ በአራት? ስተርዞዋ (መሪዋ) በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ይታገዛል? ከኋላ ስንት የሃይድሮሊክ መውጫ አላት? እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል። ሥራ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል።

ቁጥር 2 ግን ምንም አልጠየቀም። ምናለሽ ተራ ወርዶ ወፍራም የውሃ ቱቦ ቁራጭ መፈለግ፣ በቁመቱ መሰንጠቅ፣ ጉብጠቱ ራሱ ብሌድ ስለሚሆን አፍንጫው ላይ በይዶ ማለቅ፣ በቃ። አንድ ቅዳሜ የማይፈጅ ሥራ እንደሆነ አስረግጦ ጻፈ። ቱቦው ላይ አልከራከረውም። ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ አካባቢ የሆነ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ በቁመቱ ለሦስት ቢከፈል ጥሩ ጉብጠት ይሰጣል፤ ላሜራ ከማጠፍም ይረክሳል። ከጀርባው በየ50 ሳንቲው ማጠናከሪያ ከተበየደለት ይችላል። አፍንጫው ላይ በይዶ ማለቅ ያለው ግን አደገኛ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ቁጥር 3 ከሚኒሶታ የሚጽፍ ልጅ ነው። ክረምት ክረምት በረዶ በመጥረግ እንደሚተዳደር ተናግሮ የብሌዱን አሠራር ቁልጭ አድርጎ አስረዳ። የበረዶ ብሌድ ዝም ብሎ የቆመ ግድግዳ አይደለም። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በረዶውን ፊት ለፊት ከማከማቸት ወደ ጎን ያፈሰዋል። ከስር በሁለቱ ጫፍ የመንሸራተቻ ጫማ አለው፤ ምላጩ፣ ማለትም የብሌዱ የታችኛው ጠርዝ፣ መሬቱን እንዳይነክስ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ከሁሉም በላይ ከጀርባው ወፍራም ሞላዎች አሉት። ምላጩ ጠንካራ ነገር ሲመታ ሞላው ይለጠጥና የታችኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ብሌዱ ወደ ፊት ይደፋል፤ እንቅፋቱን ከተሻገረ በኋላ ሞላው ይመልሰዋል። አንዳንዱ ብሌድ ሙሉው ይደፋል፣ አንዳንዱ የታችኛው ምላጭ ብቻ ይታጠፋል። ሞላ የሌለው ብሌድ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ለሹፌሩም ለትራክተሩም ጥሩ እንዳልሆነ በትህትና አስጠነቀቀ።

ቁጥር 4 ሒሳብ ይዞ መጣ፤ በክሩ ውስጥ ከወደድኳቸው መልሶች አንዱ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ አካባቢ ነው የሚመዝነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። የተረገጠና ውሃ የጠጣ በረዶ እንኳ 500 ኪሎ አካባቢ ነው። እርጥብ ጭቃ ግን በሜትር ኩብ ከ1,700 እስከ 2,000 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያ ትራክተር እየሮጠ የሚገፋው ክምር በጭቃ ቢተካ ትራክተሩ ባለበት ይቆማል። ቀጠለናም የትራክተሯን አቅም አሰላ። 290 ያለ ተጨማሪ ክብደት 3 ቶን ገደማ ናት፤ ከዚያ ውስጥ የኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው 2 ቶን ቢሆን ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ሳይንሸራተት የሚሰጠው ግፊት ከ1 ቶን ብዙም አይበልጥም። ጎማው ራሱ ጭቃ ከረገጠ ግማሹም አይገኝ። እንግዲህ 2.5 ሜትር ብሌድ ሞልቶ ጭቃ መግፋት የማይታሰብ ነው። የፈረስ ጉልበት ያነሳ ሰው እንዳይኖር ብሎ ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍታ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚያጣ አከለ። ግን እዚህ ሥራ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ የጎማው አያያዝ ነው። ትክክል ብሏል።

ቁጥር 5 ላይ ባለጥያቄው ተመለሰ። ሁሉንም አመሰገነ። ትራክተሯ በኋላ ጎማ ብቻ እንደምትነዳ፣ ስተርዞዋ በሃይድሮሊክ እንደሚታገዝ፣ ከኋላ ግን አንድ መውጫ ብቻ እንዳላት፣ እሱም ወደ ላይ ማንሳት እንጂ ወደ ታች መጫን እንደማይችል ገለጸ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ከፊት ይሁን የሚለው ላይ ሙጭጭ አለ፤ ምክንያቱም ሹፌሩ የሚገፋውን እያየ መሥራት አለበት።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣ። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ ልበላቸው። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ሄደው የእርሻ ሜካናይዜሽን የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሚንስክ ነበሩ። እዚያ ከተማ ውስጥ የእግረኛ መንገድና ግቢ የሚጠርገው ይኸው እኛ አገር እርሻ ላይ የምናውቀው ቤላሩስ ትራክተር እንደነበር ጻፉ። ከፊቱ ብሌድ፣ ከኋላው የሚሽከረከር መጥረጊያ ይገጠምለታል። ብሌዱ ወፍራሙን ይገፋል፣ መጥረጊያው የቀረውን ይጠርጋል። የእርሻ ትራክተር ከተማ ገብቶ መንገድ መጥረጉ አዲስ ነገር አይደለም ማለታቸው ነው። ከዚያ ግን ማንም ያላነሳውን ነገር አነሱ።

ማሴ ሻንሲ የላትም። መኪና ቢሆን ሞተሩም ካምቢዮውም ሻንሲ ላይ ይቀመጣሉ። ትራክተሯ ላይ ግን ሞተሩ ራሱ፣ ካምቢዮው ራሱ፣ የኋላ አክሱ (የጎማዎቹ ዘንግ) ቤት ራሱ በቡሎን ተያይዘው አከርካሪ ይሆናሉ። የፊት አክሱን የያዘው ካስት ብረት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሞተሩ ፊት በጥቂት ቡሎኖች ነው የታሰረው። ትራክተር ማረሻ ሲጎትት ኃይሉ ከኋላ አክስ ይነሳና እዚያው ኋላ ያልቃል፤ ሞተሩ ብሎክ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። አፍንጫው ላይ ብሌድ በይደህ ስትገፋ ግን ጎማው የሚሰጠው ግፊት በሙሉ በካምቢዮው፣ በፍሪሲዮን ቤቱና በሞተሩ ብሎክ አልፎ ነው ፊት የሚደርሰው። ብሌዱ እንቅፋት ሲመታ ደግሞ ምቱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ብሌዱ ከላሜራ ይሠራ ከቱቦ፣ ወርዱ ይስፋ ይጥበብ፣ ይሄ ጥያቄ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ግፊቱ የት ላይ ነው የሚያርፈው?

ቤላሩስ በዚህ በኩል ይለያል። ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ምሰሶዎች አሉት፤ ግማሽ ሻንሲ በለው። ከፊት የሚገጠም ነገር እዚያ ላይ ይታሰራል። ለማሴ ያለው መፍትሔ ደግሞ ከወፍራም ዩ ብረት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ሠርቶ በትራክተሯ ሆድ ስር ማሳለፍና የኋላ አክሱ ቤት ላይ በቡሎን ማሰር ነው። ያኔ ብሌዱ የሚገፋው ከኋላ አክስ ነው። ፊት ያለው ማሰሪያ ብሌዱን ያነሳል፣ ወደ ጎን እንዳይዋልል ይይዛል እንጂ ግፊት አይሸከምም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው። ከፊት መግጠም የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለት ክንዶች ካልሠራ ባይገጥም ይሻለዋል።

ደግሞ ጋሼ ሲጨርሱ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ለበያጅ ሁሉ የሚሆን ነው። የአክስ ቤቱም የፊት መያዣውም ካስት ብረት ስለሆነ ቀጥታ አይበየድበትም። በደንብ ሳይሞቅና ቀስ ብሎ ሳይቀዘቅዝ የተበየደ ካስት ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፤ ሥራ መሃል ነው የሚታየው። ባለው የቡሎን ቀዳዳ መጠቀም ነው።

እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ በኋላ ክሩ ይረጋጋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁጥር 7 ቤላሩስ ተመሰገነ ብሎ ተቆጣ። ማሴን የሚያክል ትራክተር እንደሌለ፣ ዛሬ አብዛኛው የእርሻ ትራክተር ከኋላ ዕቃ የሚገጥምበትን ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ እ.ኤ.አ. በ1926 በስሙ ያስመዘገበው ትራክተሯ በስሙ የተጠራችበት ሃሪ ፈርጉሰን መሆኑን፣ ሩሲያዎቹ ከሱ እንደቀዱ ዘረዘረ። ፈርጉሰን ላይ ያለው እውነት ነው። ግን ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው? ቁጥር 8 ደግሞ የቤላሩስ ወገን ሆኖ ተነሳ፤ ናዝሬት ይገጣጠሙ የነበሩት እስካሁን ገጠር ውስጥ እንደሚሠሩ፣ መለዋወጫቸውም ሶማሌ ተራ እንደማይጠፋ ነገረው። 9፣ 10 እና 11 የአባትና የአያት ትራክተር እየጠሩ ተናቆሩ። አልፋቸዋለሁ።

ቁጥር 12 ሁሉንም ዝም አሰኘ። ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ሜክሲኮ አካባቢ ትራክተር ላይ የተገጠመ ብሌድ ይዞ ጠጠር ሲገፋ ከአስፋልቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያለ የማንሆል ጠርዝ ነበር። ጭቃው ሸፍኖት አልታየውም። ብሌዱ ሞላ አልነበረውም። ምላጩ ጠርዙን ሲነክስ ትራክተሩ ባለበት ደረቀ፤ እሱ ደረቱን ከመሪው ጋር ተላተመ። ሲወርድ የፊት መያዣው ሁለት ቡሎን ተቆርጦ ወድቋል፣ ሦስተኛው ከነክሩ ተነቅሏል፣ ራዲያተሩ ከስሩ ያፈሳል። ለሳምንታት ሲተነፍስ ያመው እንደነበር ጻፈ። ብዙ ሰው እግዚአብሔር ይማርህ አለው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከተማ ውስጥ ስሄድ የማንሆል ክዳኖችን ነው የማየው። አንዱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ዘቅጦ፣ አንዱ ዘንበል ብሎ፤ አስፋልት በተደረበ ቁጥር ደግሞ ከፍታው ይለያያል። መሃል ከተማ ላይ ብሌድ የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚሠራበትን መንገድ በደረቅ ቀን በእግሩ ይሂድበትና ማንሆሎቹን በቀለም ምልክት ያድርግባቸው። ከጭቃው በላይ የሚታይ ምልክት ደግሞ አጥሩ ወይም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያድርግ።

ቁጥር 13 ሹፌሩ በስንት ፍጥነት እየሄደ እንደነበር ጠየቀ። አልመለሰለትም፤ በምትኩ የሚኒሶታው ልጅ በቁጥር 14 ስለ ፍጥነት ጻፈ። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ በካሬው ነው የሚያድገው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከሚመታው ይልቅ 15 ሲሄድ የሚመታው ዘጠኝ እጥፍ ነው። በረዶ ጠራጊ ፍጥነት የሚጨምረው በረዶው ከብሌዱ ላይ ተወርውሮ ከመንገድ እንዲወጣ ነው። ጭቃ ደግሞ አይወረወርም። ስለዚህ ለጭቃ መሮጥ ምንም ጥቅም የለውም፤ የሰው እርምጃ ይበቃል። ሌላም ነገር አስተዋለ። ለበረዶ የተለካ ሞላ ጭቃ ላይ ቶሎ ቶሎ ይታጠፋል፣ ጭቃው ራሱ ይከብደዋልና። ሞላውን ማጠንከር ያስፈልጋል፤ ካልተቻለ ደግሞ ሆን ተብሎ ቀጠን ያለና ለስላሳ ቡሎን ማስገባት ነው። እንቅፋት ሲመታ ቡሎኑ ይቆረጣል፣ ትራክተሯ ትድናለች። የተቆረጠ ቡሎን መለወጥ የማንንም ኪስ አይጎዳም።

ቁጥር 15 ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ለምን ከኋላ አይሆንም? ትራክተሯ ከኋላ ባለ ሦስት ነጥብ ሊፍት አላት። እዚያ ላይ የሚገጠም ብሌድ ብየዳ አይነካትም፤ ሁለት የታች ፒንና አንድ የላይ ፒን ገብቶ ያልቃል። ታንከር መጎተት ሲያስፈልግ ተነቅሎ ይቀመጣል። መጠኑንም ጻፈ፤ ለዚህች ትራክተር የታች ፒኖቹ 28 ሚሊ፣ የላዩ 25 ሚሊ ናቸው። ለትንንሽ ትራክተሮች የሚሠራው 22 እና 19 ነው፤ እንዳይምታታበት አደራ አለ። የሊፍቱ ማንሻ ራሱ ስለሚያነሳው ስለ ሃይድሮሊክ መውጫ ማሰብም አያስፈልግም።

ቁጥር 16 ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ውሃ የሚያነሳ ነው። የኋላ ብሌድ ወደ ፊት እየተጎተተ ነው የሚሠራው። ጎማዎቹ ጭቃውን ቀድመው ይረግጡታል፣ ይጨፈልቁታል፣ ብሌዱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሹፌሩም አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ ይውላል። ወደ ኋላ እየነዱ ልግፋ ቢባል ደግሞ የሊፍቱ ክንዶች ለመጎተት እንጂ ለመገፋት አልተሠሩም፤ ሲገፉ ይጣመማሉ። ቁጥር 17 ይህን ተቀብሎ፣ ግን ለዚህ ሥራ በቂ ነው ሲል ተከራከረ። እዚህ ቦታ ላይ የሚጠረገው ከ50 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጭቃው ደግሞ ስስ ነው እንጂ ክምር አይደለም። እኔ ከ17 ጋር ነኝ። ትራክተሯ ዋና ሥራዋ ታንከር መጎተት ከሆነ ለቀኑ ግማሽ ሰዓት ብሎ ከሆዷ ስር ብረት አንጠልጥሎ መዋል አያዋጣም።

ቁጥር 18 የሠፈሩ ነዋሪ ናት፤ ክሩ ውስጥ የተጻፈው ኃይለኛ መልስ የእሷ ነው፣ ተገቢም ነው። ሁላችሁም ስለ ትራክተራችሁ ታወራላችሁ፣ ስለ ሰፈሩ ማን ያስብ የሚል ነበር መንፈሱ። ከአስፋልቱ ገባ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ደግሞ አሸዋ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ የብረት ምላጭ አንዱን ድንጋይ ካነሳ የቀሩት ተከትለው ይለቃሉ። ሁለተኛው ጥያቄዋ የበለጠ ከባድ ነው። ጭቃው ተገፍቶ የት ይገባል? ወደ ጎርፍ መውረጃው ከተገፋ ቱቦው ይደፈናል፣ ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሰው ቤት ይገባል። ከታች ያሉ ሰዎች አልጋቸውን ከፍ አድርገው የሚያድሩት በማን ምክንያት እንደሆነ ጠየቀች።

ባለጥያቄው በቁጥር 19 በጣም ጨዋ ሆኖ መለሰላት፤ እህቴ እያለ። ጭቃው ወደ ሳይቱ በር ተመልሶ ተጠራቅሞ በሲኖ እንደሚጫን ቃል ገባ። ቁጥር 20 ለኮብልስቶኑ መፍትሔ ሰጠ። በረዷማ አገሮችም ጌጠኛ ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ ላይ የብረት ምላጭ አይጠቀሙም፤ ወፍራም የላስቲክ ምላጭ ነው የሚያስሩት። እዚህ ያረጀ የፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ ተቆርጦ በሁለት ላሜራ መሃል ተቆንጥጦ በቡሎን ከታሰረ ያንኑ ይሠራል። ላስቲክ ደግሞ ስስና እርጥብ ጭቃን ከብረት በተሻለ ይጠርጋል፣ የማንሆል ጠርዝም ሲያገኝ ይታጠፋል። ቁጥር 21 ከሁሉም በፊት የሲኖዎቹ ጎማ በር ላይ ቢታጠብ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር አለ። ውሃውን የሚያመጣው ደግሞ ራሱ ባለጥያቄው ነው! ይህን ሐሳብ ብዙ ሰው ወደደው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ጎማ ማጠብ ግን ጭቃውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ሁለቱም ይሠሩ።

ከ22 እስከ 27 ነገር ከነገር እየወለደ ሄደ። ስለ ጎርፍ ተወራ። አዲስ አበባ ላይ አንዳንዴ በረዶ ወርዶ ግቢ ሁሉ ነጭ ስለሚሆንበት ቀን ተወራ። አንዱ የሚኒሶታውን ልጅ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው ጠየቀው፤ ሌላው ቪዛ እንዴት እንደሚገኝ። ልጁ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ በብርድ መውጣት ምን እንደሚመስል ከመናገር በስተቀር ስለ ገንዘቡ ዝም አለ።

ቁጥር 28 ስለ ምላጭ ነው፤ ለእኔ ቢጤ የተጻፈ ነው። ያረጀ የግሬደር (የመንገድ መደልደያ ማሽን) ምላጭ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። ብረቱ ግን ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ነው። ተራ ላሜራ እንደሚበየድ ከተበየደ ብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ስለዚህ ብሌዱ ላይ በቡሎን ይታሰር፤ የቡሎኑ ራስ ከምላጩ ፊት እንዳይወጣ ጠልቆ የሚገባ ዓይነት ይሁን። ሲያልቅ ተገልብጦ በሌላኛው ጠርዝ ይሠራል። ቁጥር 29 ትራክተሩ ላይም ሆነ ከትራክተሩ ጋር የተገናኘ ነገር ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድና የዲናሞው ገመድ እንዲነቀል አሳሰበ። ይህን ሳያደርግ ዲናሞ ያቃጠለ በያጅ ብዙ ነው።

ቁጥር 30 የክሩ መጥፎ ቦታ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ዲያስፖራዎች ሞቆ ካደረ መኪና ውስጥ ሆነው እኛን ያስተምሩናል፣ የአዲስ አበባን ጭቃ ምን ያውቁታል ብሎ የሚኒሶታውን ልጅ ዘለፈው። ልጁ የቁጥር 12ቱ ሹፌር ሞላ ቢኖረው ኖሮ ደረቱ ባልተመታ ነበር፤ ብረት አገር አይለይም አለና ሌላ ቃል አልጨመረም። ተሳዳቢው ሁለት ጊዜ ደገመው። በመጨረሻ ጋሼ ገቡ። ወጣቱን ልጄ ብለው፣ ዕውቀት ከየት እንደመጣ ሳይሆን ይሠራል አይሠራም ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ገሠጹት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ቁጥር 34 ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ስለ ክብደት አነሳ። ብሌድ ከፊት ተንጠልጥሎ ሲነሳ የኋላ ጎማዎቹን ያቀላል፤ የኋላ ብሌድ ደግሞ ሲነሳ ፊቱን ያቀላል፣ ስተርዞው ይዘላል። ለፊቱ የክብደት ብረቶች መልሶ ማንጠልጠል፣ ለኋላ ጎማዎች ደግሞ እስከ ሦስት አራተኛቸው ውሃ መሙላት ይቻላል። በረዷማ አገር ውሃው ጎማ ውስጥ እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይቀላቅሉበታል፤ ጨዉ ግን ቸርኬውን ያዝገዋል። እኛ ጋ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ቁጥር 36 ላይ ባለጥያቄው ውሳኔውን አሳወቀ። የፊቱን ትቶታል። ከኋላ የሚገጠም፣ ወርዱ 2.1 ሜትር የሆነ ብሌድ ከቱቦ ያሠራል። በ30 ዲግሪ ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል ይጠርጋል፤ ይህም የጎማዎቹን ዱካ ለመሸፈን ይጠጋል። ሁለት ምላጭ ይኖረዋል፤ ለአስፋልቱ ከግሬደር የተረፈ፣ ለኮብልስቶኑ ላስቲክ። ቁጥር 37 ማዞሪያውን በሃይድሮሊክ ለምን እንደማያደርገው ጠየቀ። ጋሼ መለሱ። መውጫው አንድና ማንሳት ብቻ የሚችል ስለሆነ ብሌዱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ማዞር አይችልም፤ ሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ቫልቭ መግዛት ይኖርበታል። ከዚያ ይልቅ ግማሽ ክብ ላሜራ ላይ አምስት ቀዳዳ በስቶ በፒን መቆለፍ ነው። ሹፌሩ ወርዶ ፒኑን ነቅሎ ብሌዱን በእጁ አዙሮ ፒኑን ይመልሳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ብሌዱ መሬት ላይ አርፎ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

የቁጥር 18ቷ ነዋሪ በቁጥር 38 ተመልሳ ሥራው የሚጀመረው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ነውና። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አልቆ እንደሚያድር ተነገራት። ቁጥር 39 የሊፍቱ የጎን ሰንሰለቶች ካልተወጠሩ ብሌዱ ጎማውን እየመታ እንደሚቆርጠው አስታወሰ፤ ባለጥያቄውም ሰንሰለቶቹ ከድሮም ላልተው እንደነበር ጽፎ ፎቶ ለጠፈ። ፎቶው ላይ የግራው ማያያዣ ፒን ተበልቷል። በአዲስ ይለወጥ።